የናፍጣ ፓይፕ፦ ይመለስ ወይስ ይለወጥ?

በአዲስ አበባ የናፍጣ ሞተር በሚወርድባቸው ጋራዦች አንድ ዓይነት ክርክር አይጠፋም። ሞተሩ ተፈቷል፤ ኖዝሎቹ ተሞክረዋል፤ ፖምፓው ተስተካክሎ ተመልሷል። ለመግጠም እጅ ሲታጠብ መካኒኩ ባለንብረቱን ይጠራና ካርቶን ላይ የተደረደሩትን ቀጫጭን የብረት ፓይፖች እያሳየ «ጋሼ፣ እነዚህን ብንለውጣቸው ይሻል ነበር» ይላል። ባለንብረቱ አንዱን አንስቶ ያገላብጠዋል። አልተሰበረም፤ አልተቀደደም። «ምን ሆኑና ነው የምለውጣቸው? እስከ ትናንት ሲሠሩ አልነበረም እንዴ?» ይላል። ነገሩ አንዳንዴ በመካኒኩ አንዳንዴም በባለንብረቱ አሸናፊነት ያበቃል። በማስረጃ የሚያበቃበት ጊዜ ግን ጥቂት ነው።

ለመሆኑ እውነቱ ከማን ጋር ነው? በአጭሩ ለመመለስ፣ እንደ ሞተሩ ዓይነት ከሁለቱም ጋር ነው። በቆየው ዓይነት የናፍጣ ሞተር ላይ ያልተጎዳ ፓይፕ ተመርምሮ ቢመለስ ባለንብረቱ አልተሳሳተም። በአዲሱ ዓይነት፣ በተለምዶ «ኮመን ሬል» በሚባለው ላይ ግን የመካኒኩ ምክር ያመዝናል። ለምን እንደዚህ እንደሆነና ውሳኔው በብር ሲሰላ ምን እንደሚመስል ከዚህ በታች እናያለን።

ነገሩ ገበያ ዓምድ ላይ ምን አመጣው?

ፓይፕ የመካኒክ ጉዳይ ነው የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። ሆኖም የአገራችን ንግድ በናፍጣ ሞተር ላይ የተሳፈረ ነው። ከገቢና ወጪ ዕቃችን ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነው በጅቡቲ በኩል የሚያልፍ ሲሆን፣ ከዚያም ውስጥ አብዛኛው በጭነት መኪና ይጓጓዛል። ሲሚንቶው፣ ማዳበሪያው፣ ቡናውና ጤፉ፣ መብራት ሲጠፋ የሚነሳው ጄኔሬተርም ጭምር የሚኖሩት በናፍጣ ነው።

በዚህ ላይ ሁለት ነገሮች ተደርበዋል። የመጀመሪያው የምንዛሪው ጉዳይ ነው። የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ካደረገ በኋላ፣ ከዚያ በፊት 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ የአሜሪካ ዶላር በወራት ውስጥ ከእጥፍ በላይ ሆነ። ከውጭ የሚመጣ መለዋወጫም ይህንኑ ተከትሎ ሄደ። ሁለተኛው፣ በ2016 ዓ.ም. ጥር ወር መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉ ነው። ይህ ሲሆን ባለንብረት በእጁ ያለውን ተሽከርካሪ አድሶ ማሰንበትን ይመርጣል። ማደስ ሲበዛም «የትኛው ዕቃ ተመልሶ ይገጠም፣ የትኛው ይገዛ?» የሚለው ጥያቄ የኪስ ጥያቄ ይሆናል። የናፍጣ ፓይፕ ለዚህ ጥያቄ ጥሩ ምሳሌ ነው። ዋጋው ከሞተሩ አንጻር ትንሽ ነው፤ ሲበላሽ ግን ሞተሩን ሁሉ ያቆማል።

ቀጭኗ ፓይፕ የተሸከመችው

የናፍጣ ሞተር እንደ ቤንዚን ሞተር ካንዴላ የለውም። አየሩ በሲሊንደሩ ውስጥ ተጨምቆ ሲግል፣ ናፍጣው በከፍተኛ ግፊት ተረጭቶ በራሱ ይነዳል። ናፍጣውን ከፖምፓው ወደ ኖዝሉ የምታደርሰው ይህችው ፓይፕ ናት። ያለ ስፌት የተሳበች፣ ግድግዳዋ ወፍራም፣ ቀዳዳዋ ግን ጠባብ የሆነች የብረት ቱቦ ስትሆን፣ የውጭ ስፋቷ በቀላል ተሽከርካሪዎች ላይ 6 ሚሊ ሜትር አካባቢ፣ የውስጥ ቀዳዳዋ ደግሞ ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ነው።

ግፊቱን ለመረዳት ከሚታወቅ ነገር እንነሳ። የከባድ መኪና ጎማ የሚነፋው 8 ባር ገደማ ነው። በቆየው ዓይነት፣ ማለትም በሜካኒካል ፖምፓ በሚሠራ ሞተር ላይ በፓይፑ ውስጥ የሚያልፈው ግፊት ከጥቂት መቶ እስከ 1,000 ባር አካባቢ ይደርሳል። ኮመን ሬል በመንገደኛ አውቶሞቢል ላይ በ1997 እ.ኤ.አ. በአልፋ ሮሜዮ 156 ሲጀመር ግፊቱ 1,350 ባር ነበር። ዛሬ 2,000 ባርና ከዚያም በላይ የሚሠሩ አሉ። 1,600 ባር ብንል እንኳ የጎማውን ግፊት 200 እጥፍ ነው።

በሜካኒካል ፖምፓ ላይ ይህ ግፊት የሚመጣው እንደ መዶሻ ምት ነው። ሞተሩ በደቂቃ 2,000 ጊዜ ሲዞር እያንዳንዷ ፓይፕ በደቂቃ 1,000 ጊዜ፣ በሰዓት 60,000 ጊዜ ትመታለች። በቀን 10 ሰዓት የሚሠራ መኪና ላይ ይህ 600,000 ምት ነው። ፓይፕን የሚገድለው ዕድሜ ሳይሆን ይህ ምትና የሞተሩ መንቀጥቀጥ ነው። ስለዚህ ፓይፖቹን የሚይዙት ማሰሪያዎች ለጌጥ የተደረጉ አይደሉም። መካኒክ «ትርፍ ነው» ብሎ አንዱን ማሰሪያ ሳይመልስ ከቀረ፣ ፓይፑ ከወራት በኋላ ብዙውን ጊዜ ከጫፉ አጠገብ ይሰነጠቃል። ጥፋቱ ግን የሚለጠፈው «መጥፎ ዕቃ» በሸጠው ነጋዴ ላይ ነው።

ፓይፕ ሲፈታ ምን ይሆናል?

የክርክሩ ፍሬ ነገር ያለው እዚህ ላይ ነው። የፓይፑ ጫፍ ሾጣጣ ሆኖ የተሠራ ሲሆን፣ በፖምፓው፣ በሬሉ ወይም በኖዝሉ ላይ ያለው መቀመጫ ይቀበለዋል። በመካከላቸው ጎማም ሆነ ጓርኒሲዮን የለም፤ ብረት በብረት ላይ ተጭኖ ነው የሚዘጋው። ዳዶው መጀመሪያ ሲጠብቅ የፓይፑ ጫፍ በጥቂቱ ይጨፈለቅና የመቀመጫውን ቅርጽ ይይዛል። ከዚያ ወዲያ ሁለቱ እንደ ቁልፍና ጋን ናቸው።

ፓይፑ ተፈትቶ ወደዚያው መቀመጫ ቢመለስ የቀድሞው ምልክት ከሞላ ጎደል ቦታውን ያገኛል። ኖዝሉ በአዲስ ከተለወጠ ወይም የ1ኛው ሲሊንደር ፓይፕ ከ3ኛው ጋር ከተቀያየረ ግን አሮጌው ምልክት ከማያውቀው መቀመጫ ጋር ይገናኛል። ያኔ ያፈሳል። መካኒኩም ማፍሰሱን ለማቆም ይበልጥ ያጠብቃል። ሲያጠብቅ ሾጣጣው ይጨፈለቃል፤ ቀዳዳው ይጠባል፤ ሲብስም ከጫፉ የተላጠ የብረት ብናኝ ወደ ውስጥ ይገባል።

ብናኙ ቀላል ነገር እንዳይመስለን። በኮመን ሬል ኢንጀክተር ውስጥ ተንቀሳቃሾቹ ክፍሎች የሚላወሱበት ክፍተት በጥቂት ማይክሮን የሚለካ ሲሆን፣ የሰው ፀጉር ውፍረት ግን 70 ማይክሮን ገደማ ነው። ዓይን የማያየው ብናኝ ኢንጀክተሩን ይቧጥጠዋል ወይም ክፍት አድርጎ ያስቀረዋል። ክፍት የቀረ ኢንጀክተር ናፍጣ ሳያቋርጥ ስለሚያፈስ ፒስተኑን እስከ ማቅለጥ ሊደርስ ይችላል። በፓይፕ ዋጋ ቆጥቦ ኢንጀክተርና ፒስተን የገዛ ሰው «ቆጥ ላወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» የሚባለው በእሱ ደርሷል።

ሁለት ትውልድ በአንድ መንገድ ላይ

በመንገዶቻችን ላይ የሚሄዱት የናፍጣ ሞተሮች ለዚህ ጉዳይ በሦስት ይከፈላሉ።

አንደኛው ወገን ሜካኒካል ፖምፓ ያላቸው ናቸው። ከጥንቱ ፊያት «ኤንትሬ» ጀምሮ 4ኤችኤፍ1 ወይም 4ኤችጂ1 ሞተር የተገጠመላቸው ቆየት ያሉ አይሱዙዎች፣ 2ኤል፣ 3ኤልና 5ኤል ሞተር ያላቸው ቶዮታዎች፣ 1ኤችዜድ ላንድክሩዘሮች፣ እንዲሁም ሜካኒካል ፖምፓ ይዘው የመጡት የቀድሞዎቹ ሲኖትራኮች እዚህ ይመደባሉ። በእነዚህ ላይ ፓይፕን መርምሮ መመለስ የኖረና ተቀባይነት ያለው አሠራር ነው።

ሁለተኛው ወገን ኮመን ሬል ነው። በጭነት መኪና ላይ ጃፓኖች በ1995 እ.ኤ.አ. በሂኖ ሬንጀር የጀመሩት ይህ ዘዴ ዛሬ በዲ-4ዲ ቶዮታዎች፣ 4ኤችኬ1 ሞተር ባላቸው አይሱዙዎችና በኋለኞቹ የቻይና ከባድ መኪኖች ላይ ይገኛል።

ሦስተኛው ወገን ክርክሩ ጨርሶ የማይመለከተው ነው። ለምሳሌ ከርሰር 13 ሞተር ያላቸው ብዙዎቹ የኢቬኮ ትራከሮች ፖምፓውና ኢንጀክተሩ በአንድ አካል ተሠርተው በሲሊንደሩ ራስ ውስጥ የሚቀመጡ ስለሆኑ የውጭ የከፍተኛ ግፊት ፓይፕ የላቸውም። ለእንዲህ ዓይነት ሞተር «የኢንጀክተር ፓይፕ ይለወጥ» የሚል ደረሰኝ ከመጣልዎ ጋራዥ መቀየር ይሻላል።

አምራቾቹ ራሳቸውም በአንድ ቃል አይናገሩም። የቶዮታ ዲ-4ዲ ሞተሮች የጥገና መመሪያ ኢንጀክተር ወይም ሬል በአዲስ ሲለወጥ ከእሱ ጋር የሚገናኘውም ፓይፕ አብሮ በአዲስ እንዲለወጥ ያዛል። ፎርድ በበርካታ የናፍጣ ሞተሮቹ ላይ አንዴ የተፈታ የከፍተኛ ግፊት ፓይፕ እንዳይመለስ ይላል። ቮልስዋገን በበኩሉ ሾጣጣው ካልተበላሸ፣ ቀዳዳው ካልጠበበና ዝገት ካልቦረቦረው፣ ወደዚያው ሲሊንደር እስከተመለሰ ድረስ መልሶ መጠቀምን ይፈቅዳል። ስለዚህ «ሁልጊዜ ይለወጣል» ወይም «በጭራሽ አይለወጥም» የሚል መካኒክ ካጋጠመዎ የሚናገረው ከልማዱ ነው እንጂ ከመመሪያው አይደለም።

ይመለስ ከተባለ

ፓይፑ እንዲመለስ ከተወሰነ «ጠረግ አድርገህ ግጠመው» ማለት አይበቃም። ባለንብረቱ ቆሞ ሊያያቸው የሚገቡ ነገሮች አሉ።

1. ፓይፖቹ ሲፈቱ እያንዳንዳቸው የየትኛው ሲሊንደር እንደሆኑ ምልክት ይደረግባቸው። ሁሉም በአንድ ላይ ታስረው ጥግ ከተጣሉ ግማሹ ጥፋት እዚያው ተፈጽሟል።

2. የሾጣጣው ጫፍ በብርሃን ይታይ። ዙሪያውን እኩል የሆነ የቀለበት ምልክት ችግር የለውም። ጭረት፣ ጉድጓድ፣ የተላጠ ወይም ባንድ ጎን የተጨፈለቀ ጫፍ ካለ ግን አይመለስም። በሞረድ ወይም በብርጭቆ ወረቀት «ማስተካከል» የሚባለውም ጉዳቱን ማባባስ ነው።

3. የጫፉ ቀዳዳ ከአዲስ ወይም ካልተጎዳ ፓይፕ ጋር ይነጻጸር። ከጠበበ ሲሊንደሩ ናፍጣ ይጎድልበታል፤ ሞተሩም ያኮርፋል።

4. በማሰሪያው ሥር ያለው ቦታ ተፀድቶ ይታይ። ዝገት የቦረቦረው ወይም ከሌላ ብረት ጋር እየተፋተገ የሳሳ ፓይፕ ጊዜው አልቋል።

5. ፓይፑ ከመጠበቁ በፊት በእጅ ብቻ ሲቀመጥ በሁለቱም ጫፍ ቦታውን ማግኘት አለበት። ዳዶውን ለማስያዝ ፓይፑን መጎተት ወይም ማጣመም ካስፈለገ ያ ፓይፕ ሲጠብቅ ተወጥሮ ስለሚቀር ኋላ ይሰነጠቃል።

6. በንጹሕ ናፍጣ ታጥቦ፣ በአየር ተነፍቶ፣ እስኪገጠም ድረስ ሁለቱም ጫፍ ይሸፈን። ለመሸፈኛ ጨርቅ አይጠቅምም፤ ክሩ ራሱ ቆሻሻ ነው።

7. ሲጠብቅ ጉልበት በሚለካው፣ ጋራዦች «ቶርክ» በሚሉት ቁልፍ በመመሪያው ልክ ይጠበቅ፤ ማሰሪያዎቹም ሁሉ ይመለሱ። ካፈሰሰ ይበልጥ ማጥበቅ መፍትሔ አይደለም። ፈትቶ፣ አፅድቶ፣ በልኩ እንደገና ማጥበቅ፤ አሁንም ካፈሰሰ መለወጥ ነው።

በዝቅተኛ ግፊት በኩል ያሉት የጎማ ቱቦዎችና የመዳብ ቀለበቶች ግን ክርክር አያስፈልጋቸውም። የደረቀ ቱቦ አየር ያስገባና ጠዋት ሞተሩ እንዳይነሳ ያደርጋል። የመዳብ ቀለበት አንዴ ተጨፍልቋልና አዲስ ይገባል። ዋጋቸው ትንሽ ስለሆነ በእነሱ ላይ የሚቆጥብ ሰው የሚያተርፈው ነገር የለም።

ብየዳና «የሚመሳሰል» ፓይፕ

በገበያው ውስጥ ሦስተኛ መንገድ አለ፤ የተሰነጠቀውን ማስበየድ ወይም ከሌላ ሞተር የመጣ «የሚመሳሰል» ፓይፕ አጣሞ መግጠም። ሁለቱም አይመከሩም።

ብየዳ ብረቱን አሙቆ ጥንካሬውን ይለውጠዋል፤ በውስጡም ቅርፊት ይተዋል፤ ቅርፊቱም ተላቆ ወደ ኖዝል ይሄዳል። የሚመሳሰለው ፓይፕ ጣጣ ደግሞ ሌላ ነው። በመስመር ፖምፓ በሚሠራ ሞተር ላይ ስድስቱን ፓይፖች ብንለካ፣ ለቅርቡ ሲሊንደር የሚሄደው እየተጠማዘዘም ቢሆን ከሩቁ ጋር እኩል ርዝመት እንዲኖረው መደረጉን እናያለን። ምክንያቱም የግፊቱ ማዕበል በናፍጣ ውስጥ የሚጓዘው በሴኮንድ 1,350 ሜትር ገደማ ነው። ፓይፑ በ10 ሳንቲ ሜትር ከረዘመ፣ በደቂቃ 2,000 ጊዜ በሚዞር ሞተር ላይ ናፍጣው ወደ 1 ዲግሪ ዘግይቶ ይረጫል። አንዱ ሲሊንደር ከጓደኞቹ 1 ዲግሪ ሲዘገይ ሞተሩ ይንቀጠቀጣል፤ ባለንብረቱም ፖምፓውን ሁለተኛ ያስወርዳል።

ሂሳቡ

አሁን ወደ ኪሳችን እንምጣ። የሚከተሉት ቁጥሮች ስሌቱን ለማሳየት ብቻ የተወሰዱ ናቸው፤ አንባቢ የራሱን ዋጋ ተክቶ ያስላ።

አንድ የጅቡቲ መስመር የጭነት መኪና እንውሰድ። ስድስቱ ፓይፖች በ36,000 ብር ይገዛሉ እንበል። ሳይለወጡ ቀርተው መኪናው ሚሌ ላይ ቢቆም፦ ማስጎተቻ 70,000 ብር፣ የ4 ቀን ሥራ ማቋረጥ በቀን 35,000 ብር ሲታሰብ 140,000 ብር፣ የመካኒክ መንገድ፣ አበልና የተሰበረው ፓይፕ 30,000 ብር፤ በድምሩ 240,000 ብር ይሆናል። 36,000ን ለ240,000 ስናካፍል 15 በመቶ ይመጣል። ትርጉሙም ግልጽ ነው። አሮጌዎቹ ፓይፖች ከ100 ጊዜ ከ15 ጊዜ በላይ መንገድ ላይ ያቆሙኛል ብለው የሚያምኑ ከሆነ መግዛቱ ያዋጣል፤ ከዚያ ያነሰ ነው ካሉ መመለሱ ያዋጣል። ተመርምሮ በቦታው የተመለሰ የሜካኒካል ሞተር ፓይፕ ከዚህ መስመር በታች ሊሆን ይችላል። አዲስ ኢንጀክተር ላይ የተጫነ አሮጌ የኮመን ሬል ፓይፕ ግን በጨለማ ውስጥ የሚደረግ ውርርድ ነው። በዚያ ላይ የኢንጀክተሩ መበላሸት ሲጨመር የጉዳቱ ድምር ያድጋል፤ ለመግዛት የሚያስፈልገው ሥጋትም ከ15 በመቶ በታች ይወርዳል።

በሌላ በኩል ከተማ ውስጥ የሚሠራ ባለ 5ኤል ሞተር ሚኒባስ እንውሰድ። አራት ፓይፖች 12,000 ብር ናቸው እንበል። ቢበላሽ ማስጎተቻ፣ የአንድ ቀን ገቢና የእጅ ዋጋ ተደምሮ 10,000 ብር ቢሆን፣ ጉዳቱ ከመከላከያው ያንሳል። እዚህ ላይ ደህናውን ፓይፕ «ለማንኛውም» ብሎ መለወጥ የገንዘብ ብክነት ነው፤ የተጎዳውን ብቻ መርጦ መለወጥ ይበቃል። እንግዲህ ሥራው የሚሠራበት ቦታም እንደ ሞተሩ ዓይነት ውሳኔውን ይቀይረዋል ማለት ነው።

«ትንሽ ታንጠባጥባለች፣ ትቆይ» የሚሉ ባለንብረቶችም አሉ። አንዲት ጠብታ የሚሊ ሊትር 50ኛ ብትሆንና በየሴኮንዱ ብትወርድ፣ በ10 ሰዓት 36,000 ጠብታ ወይም 0.72 ሊትር ትሆናለች። በዓመት 300 ቀን ለሚሠራ መኪና 216 ሊትር ነው። መንግሥት ከሐምሌ 2014 ዓ.ም. ጀምሮ የነዳጅ ድጎማውን ደረጃ በደረጃ ማንሳት ከጀመረ ወዲህ ይህን ያህል ሊትር አፈር ላይ ማፍሰስ ቀላል ወጪ አይደለም። አንባቢ የሳምንቱን የናፍጣ ዋጋ ያባዛና ከአንድ ፓይፕ ዋጋ ጋር ያስተያይ።

ምክሩ የሚመጣው ከማን ነው?

የኢኮኖሚ ተማሪዎች ደጋግመው የሚያነሱት አንድ ችግር አለ። የሚያውቀው ሰው ሌላ፣ የሚከፍለው ሰው ሌላ ሲሆን ምክሩ ወደ አዋቂው ጥቅም ያዘነብላል። ጋራዥ ይህ በግልጽ የሚታይበት ቦታ ነው። መለዋወጫውን ከሚያውቀው ሱቅ አምጥቶ ኮሚሽን የሚያገኝ መካኒክ «ሁሉም ይለወጥ» ማለት ይቀናዋል። ሥራውን ዕቃን ጨምሮ በቁርጥ ዋጋ የተዋዋለ ደግሞ «ይመለሳል፣ ምንም አይል» ማለት ይቀናዋል። ሹፌሩም ቢሆን መንገድ ላይ መቆም ስለማይፈልግ አዲስ ይመርጣል። ሦስቱም ዋሽተዋል ማለት አይደለም፤ እያንዳንዳቸው የሚያዩት ከቆሙበት ነው።

ባለንብረቱ ራሱን የሚከላከለው የእጅ ዋጋንና የዕቃ ዋጋን ለያይቶ በመዋዋል፣ የተለወጠው አሮጌ ዕቃ እንዲመለስለት በመጠየቅ፣ የሥራ ዋስትናውንም በጽሑፍ በማስያዝ ነው። አሮጌውን ፓይፕ አይቶ ጫፉን የመረመረ ሰው በሚቀጥለው ጊዜ በቀላሉ አይሸወድም።

ለመለዋወጫ ነጋዴና ለደላላ

በሶማሌ ተራና በሌሎች የመለዋወጫ ገበያዎች «ኦሪጅናል ነው ወይስ ቻይና?» የሚለው ጥያቄ የተለመደ ነው። ጥያቄው ግን ሁልጊዜ ልክ አይደለም፤ የሲኖትራክ ኦሪጅናል ራሱ ቻይና ነው። መጠየቅ ያለበት የዕቃ ቁጥሩ ከሞተሩ ጋር ይገጥማል ወይ፣ ጫፎቹ በፕላስቲክ ቆብ ተሸፍነዋል ወይ፣ ሾጣጣው ለስላሳ ነው ወይ የሚለው ነው። በሱቅ መስኮት ላይ ያለ ቆብ ተንጠልጥሎ ወራት የከረመ ፓይፕ አዲስ ቢሆንም በውስጡ አቧራና ዝገት ስላለው፣ ከታጠበ አሮጌ የተሻለ ነው ለማለት ያስቸግራል። ዕቃ የሚያከማች ነጋዴም ይህን ቢያስብ መልካም ነው፤ የኮመን ሬል ሞተር ቁጥር በጨመረ መጠን ፓይፕ ከኢንጀክተር ጋር አብሮ የሚሸጥ ዕቃ ይሆናል። ኢንጀክተሩን አስመጥቶ ፓይፑን የማያስመጣ ነጋዴ ደንበኛውን ወደ ጎረቤት ሱቅ ይልካል።

ያገለገለ መኪና ለሚገዛም ሆነ ለሚያሻሽጥ ሰው ፓይፖቹ ብዙ ይናገራሉ። ቀለማቸው የተለያየ፣ የብየዳ ምልክት ያለባቸው፣ ማሰሪያቸው የጎደለ፣ ዳዶአቸው ጠርዙ የተበላ ከሆነ ያ ሞተር ተቸኩሎ ተፈትቶ ተቸኩሎ ተገጥሟል። ሻጩ «ሞተሩ አልተነካም» ቢል ፓይፖቹ አይስማሙም። ዋጋ ለመደራደር ከዚህ የተሻለ መነሻ አይገኝም።

ሂሳብ የማይገባባቸው

ከላይ ባደረግነው ስሌት ውስጥ ሁለት ነገሮች አልተካተቱም፤ እሳትና የሰው አካል። ናፍጣ በ210 እና በ250 ዲግሪ ሴልሺየስ መካከል ባለ ሙቀት ያለ ክብሪት ሊቀጣጠል ይችላል። በጭነት ላይ ያለ ሞተር የጭስ መውጫና ቱርቦ ደግሞ ከዚህ በላይ ይግላሉ። ከተሰነጠቀ ፓይፕ እንደ ጉም የሚረጭ ናፍጣ እዚያ ላይ ካረፈ መኪናው ከነጭነቱ ሊነድ ይችላል። በባሕር ላይ ይህ አደጋ ስለሚታወቅ «ሶላስ» የተባለው የዓለም አቀፍ የመርከብ ደኅንነት ስምምነት በመርከብ ሞተሮች ላይ ያሉ የከፍተኛ ግፊት የነዳጅ ፓይፖች ሌላ መከላከያ ቱቦ እንዲለብሱ ያስገድዳል። መኪና ላይ ይህ መከላከያ ብዙውን ጊዜ ስለሌለ ያለን መከላከያ ጥንቃቄ ብቻ ነው። አባቶች «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት ለዚህ ዓይነቱ ነው።

ሁለተኛው የመካኒኩ እጅ ነው። ከፓይፕ የሚወጣው ቀጭን የናፍጣ ጅረት ቆዳን እንደ መርፌ ይወጋል። ቁስሉ የምታህል ነጥብ ስለሆነ «ምንም አይደል» ይባላል፤ በውስጥ የገባው ናፍጣ ግን ሥጋውን ይገድላል፤ በሰዓታት ውስጥ ቀዶ ጥገና ካልተደረገ ጣት ወይም እጅ እስከ መቆረጥ ያደርሳል። ስለዚህ ፍሳሽ በእጅ አይፈለግም፤ ራቅ ብሎ ካርቶን በማስጠጋት ይታያል። የተወጋ ሰው ካለም ሳይውል ሳያድር ሆስፒታል ይሂድ፤ የተወጋው በናፍጣ መሆኑንም ለሐኪሙ ይንገር።

የቀድሞ መካኒኮች የማይሠራውን ሲሊንደር ለመለየት ሞተሩ እየሠራ ዳዶውን ላላ ያደርጉ ነበር። በሜካኒካል ፖምፓ የኖረ ዘዴ ነው። በኮመን ሬል ላይ ግን ፈጽሞ አይደረግም። ሞተሩ ከጠፋ በኋላም ግፊቱ እስኪወርድ አምራቹ የሚያዘውን ደቂቃ መጠበቅ ያስፈልጋል። ጋራዥ ያላችሁ ባለሀብቶች ይህን አንድ ነገር ለሠራተኞቻችሁ ዛሬውኑ ብትነግሩ፣ በፓይፕ ከሚቆጠበው ብር የበለጠ ታተርፋላችሁ።

ወደ መጀመሪያው ክርክር ስንመለስ፣ ባለንብረቱ ፓይፑን አገላብጦ «አልተሰበረም» ሲል ያየው መካከሉን ነው። ጫፉን ይመልከት፤ ሞተሩ ከየትኛው ወገን እንደሆነ ይጠይቅ፤ ኖዝሉ ተለውጦ እንደሆነ ያጣራ፤ መኪናው ቢቆም የት እንደሚቆም ያስብ። እነዚህን አራት ነገሮች ካወቀ በኋላ «ይመለስ» ቢልም «ይለወጥ» ቢልም ውሳኔው የራሱ ነው፤ መካኒኩም የሚከራከረው ከሚያውቅ ሰው ጋር ይሆናል።